ሁለቱ ሴሊካዎች፦ ጕልበትና መሬት የመያዝ ኀይል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ለተማሪዎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች ከተደረጉት ንግግሮች አንዱ። ተናጋሪው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው።)






የመረጥሁት ርእስ አንዳንዶቻችሁን ሊያስገርም ይችላል። በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ አገር ፍቅር ወይም ስለ አባቶቻችን ሥራ መናገር የተለመደ ነው። እኔ ግን የምናገረው ስለ ሁለት መኪናዎች ነው። ይህንም ያደረግሁት በከንቱ አይደለም። እኛ ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓት ከምንከራከርባቸው ነገሮች ሁሉ ደጋግሞ የሚነሣው «የትኛው መኪና ይበልጣል?» የሚለው ነው። ክርክሩም ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በድምፅ ብርታት እንጂ በማስረጃ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ያንኑ ክርክር በፊዚክስና በሒሳብ ሚዛን ላይ አስቀምጠን እንመዝነዋለን፤ በመጨረሻም ለእኛ ለሐይቅና ለአምባሰል ሰዎች ምን ትምህርት እንደሚሰጠን እንመለከታለን።

ለማወዳደር የመረጥኋቸው መኪናዎች የአንድ ፋብሪካ ሥራ ናቸው፤ እንዲያውም የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። ስማቸው ቶዮታ ሴሊካ ነው። ቶዮታን በአገራችን የማያውቅ የለም፤ መንገደኛ የሚያመላልሰው ሚኒባስ፥ የገጠሩን ዳገት የሚወጣው ላንድክሩዘር፥ በከተማ የሚታየው ኮሮላ የዚሁ ፋብሪካ ውጤቶች ናቸው። ሴሊካ ግን የቤተ ሰብ መኪና ሳይሆን ለፍጥነት የተሠራ፥ ቁመቱ ዝቅ ያለ፥ የስፖርት መኪና ነበረ። መጀመሪያ የወጣው በ1970 ሲሆን መሠራቱ ያቆመው በ2006 ነው። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካላልሁ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

እስከ 1985 ድረስ ሴሊካን የሚገፉት የኋላ ጎማዎቹ ነበሩ። በ1985 የወጣው አራተኛው ትውልድ ግን በፊት ጎማዎቹ የሚጐተት ሆነ። በ1986 ደግሞ ፋብሪካው ለዚሁ መኪና ብርቱ ወንድም አወጣለትና «ጂቲ ፎር» ብሎ ሰየመው። በመልካቸው ሁለቱን ለመለየት የለመደ ዐይን ያስፈልጋል፤ በውስጣቸው ግን የተለያዩ ናቸው። ሁለቱም አራት ፒስቶን ያለው የ2 ሊትር ሞተር አላቸው። ይሁን እንጂ ጂቲ ፎር ቱርቦ ተጨምሮለታል፤ ሞተሩም የሚያሽከረክረው አራቱንም ጎማዎች ነው። ሹፌሮቻችን «ፎር ዊል» የሚሉት ማለት ነው።

እንግዲህ ምርመራችንን ከጕልበት እንጀምር።

እንደ ተሸጡበት አገር ቍጥሩ ጥቂት ቢለያይም፥ በአውሮፓ የተሸጠው ባለ ሁለት ጎማ ሴሊካ ወደ 150 የፈረስ ጕልበት ሲኖረው ጂቲ ፎር ወደ 185 ነበረው። በ35 ፈረስ መብለጥ ቀላል ነገር አይመስልም። ነገር ግን ክብደታቸውን እንጠይቅ። ፊተኛው በግምት 1,200 ኪሎ፥ ሁለተኛው በግምት 1,450 ኪሎ ይመዝናል። ተጨማሪውን ክብደት ያመጡት ቱርቦውና ቱቦዎቹ፥ ወደ ኋላ የሚሄደው የሽክርክሪት ዘንግ፥ የኋላው ዲፈረንሻል፥ በመካከል ያለው ሦስተኛው ዲፈረንሻልና እነዚህን ሁሉ የሚሸከመው የጠነከረ አካል ናቸው። አሁን እናካፍል። 1,200 ለ150 ሲካፈል እያንዳንዱ ፈረስ 8 ኪሎ ይሸከማል። 1,450 ለ185 ሲካፈል እያንዳንዱ ፈረስ 7.8 ኪሎ ይሸከማል። ልዩነቱ 200 ግራም ብቻ ነው! ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ባለ ሜዳና ደረቅ አስፋልት ላይ ብርቱው ወንድም የጨመረውን ጕልበት ከሞላ ጐደል የሚያውለው የራሱን ተጨማሪ ዕቃ ለመሸከም ነው።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያውስ ጂቲ ፎር ትርፍ የለውም» የሚል ቢኖር አይቸኵል። እኛ የምንኖረው በባሕር ዳርቻ አይደለም። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ትደርሳለች። ከፍ ባልን ቍጥር አየሩ ይሳሳል፤ በደሴ ከፍታ የአየሩ ውፍረት ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ለመሆን ጥቂት የሚቀረው ያህል ይጐድላል። ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ አየር ካነሰው የሚያቃጥለው ቤንዚን ያንሳል፥ ጕልበቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ባለ 150 ፈረስ መኪና ደሴ ሲደርስ የሚቀረው ጕልበት ከ120 ፈረስ አይበልጥም፤ እያንዳንዱ ፈረስም ከ8 ኪሎ ይልቅ ከ10 ኪሎ በላይ ይሸከማል። ቱርቦ ግን ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ኀይል ተጠቅሞ አየሩን አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መንፊያ ነው። በዚህ ምክንያት ጂቲ ፎር በከፍታ ላይ አብዛኛውን ጕልበቱን ይዞ ይቈያል። በሜዳ እኩል የሆኑት ወንድማማቾች በወሎ ተራራ ላይ እኩል አይሆኑም።

ሁለተኛው ጥያቄ ይህ ጕልበት ሁሉ ለምን ያስፈልጋል የሚለው ነው። በፊዚክስ ትምህርት እንደ ተማርነው አንድ የፈረስ ጕልበት ማለት 75 ኪሎ ክብደት በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ የሚያነሣ ኀይል ነው። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ ወደ 25 ኪሎሜትር ሲሆን የከፍታው ልዩነት ከ600 ሜትር አያንስም። 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ከፍ ለማለት ምን ያህል ጕልበት ይፈልጋል? 1,200 በ600 ሲባዛ 720,000 ይሆናል፤ ይህም ለ75 ሲካፈል 9,600 ይሆናል። መኪናው ዳገቱን በግማሽ ሰዓት፥ ማለት በ1,800 ሴኮንድ ቢወጣው፥ ለመውጣት ብቻ የሚያስፈልገው በአማካይ ከ6 ፈረስ ያነሰ ጕልበት ነው! የነፋሱና የጎማው ሰበቃ ቢጨመርበትም ቍጥሩ ከ150 በጣም ይርቃል። 150ውን ፈረስ ሁሉ ለመውጣት ብናውለው ደግሞ መኪናው በ64 ሴኮንድ ደሴ መድረስ ነበረበት። ይህ እንደማይሆን ሁላችንም እናውቃለን። የሚከለክለው የጕልበት ማነስ አይደለም፤ መታጠፊያው፥ ገደሉ፥ ከፊት የሚመጣው የጭነት መኪና፥ ከብቱና እግረኛው ናቸው። እንግዲህ በተራራ አገር ትርፍ ጕልበት ቶሎ ለመድረስ የሚሰጠው ጥቅም እንደምናስበው ሰፊ አይደለም።

ሦስተኛውና ዋነኛው ነገር መሬት የመያዝ ኀይል ነው። ሞተሩ የቱን ያህል ቢበረታ ጎማው መሬቱን ካልያዘ ጕልበቱ ሁሉ ጭቃ ለመበተን ብቻ ይውላል። በወንጌል ቤቱን በአሸዋ ላይ ስለ ሠራው ሰውና በዐለት ላይ ስለ ሠራው ሰው የተነገረውን ምሳሌ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልዩነቱ የነበረው በመሠረቱ ላይ ነው። ለመኪናም መሠረቱ ከእያንዳንዱ ጎማ ሥር ያለው፥ ከእጅ መዳፍ ብዙ የማይበልጠው ቦታ ነው።

አንድ ምሳሌ በቍጥር ልስጥ። 1,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና በክረምት ጭቃ ላይ ዳገት ይወጣል እንበል። በዚያ ጭቃ ጎማው ሊገፋ የሚችለው በላዩ ካለው ክብደት ሩቡን ብቻ ነው። መኪናው በሁለት ጎማ የሚሄድ ከሆነ በሚሠሩት ጎማዎች ላይ ያለው ክብደት በግምት ግማሹ፥ ማለት 500 ኪሎ ነው፤ የ500 ሩብ 125 ነው። ጭቃው ራሱ ወደ ኋላ የሚይዝበት ኀይል 80 ኪሎ ያህል ቢሆን ለዳገቱ የሚተርፈው 45 ኪሎ ብቻ ነው። ይህም በ100 ሜትር 4 ሜትር ተኩል የሚነሣ ዳገት ያስወጣል፤ ከዚያ ቢበልጥ መኪናው ይቆማል። አራቱም ጎማዎች ሲሠሩ ግን የ1,000 ሩብ 250 ነው፤ 80 ሲቀነስ 170 ይተርፋል። ይህም በ100 ሜትር 17 ሜትር የሚነሣ ዳገት ያስወጣል። እነሆ፥ አንድም ፈረስ ሳይጨመር መኪናው ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ዳገት ወጣ!

በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጎማው ከተሸከመው ክብደት ከ10 እጅ 8 እጅ ያህል ሊገፋ ይችላል። በሁለት ጎማ የሚሄደው መኪናችን 400 ኪሎ ግፊት አለው ማለት ነው፤ በ100 ሜትር 10 ሜትር ለሚነሣ ዳገት የሚያስፈልገው ከ100 ኪሎ ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ በደረቅ አስፋልት ሁለቱ ጎማዎች ይበቃሉ፤ የቀሩት ሁለቱ በከንቱ ይደክማሉ።

አባቶቻችን ይህን ያለ ፊዚክስ መጽሐፍ ያውቁት ነበር። ፈረስ ለሜዳና ለጉግሥ፥ በቅሎ ለገደልና ለረጅም መንገድ ናት ይሉ ነበር። ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ለመስከረም 21 በዓል የሚወጣ መንገደኛ ፈረስ ትቶ በቅሎ የሚመርጠው በፍጥነቷ አይደለም፤ እግሯን የምታሳርፍበትን ስለምታውቅ ነው። ጂቲ ፎርም በቅሎ ሳይሆን የበቅሎ እግር የተሰጠው ፈረስ ነው ቢባል ልክ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ይህ ሒሳብ በእውነተኛ መንገድ ላይ እንዴት እንደ ተፈተነ እንመልከት። ለፈተናው ወደ አውሮፓ መሄድ አያስፈልገንም፤ በጎረቤታችን በኬንያ ከ1953 ጀምሮ የሳፋሪ ራሊ የሚባል የመኪና ውድድር አለ። ውድድሩ በአቧራ፥ በድንጋይና በጭቃ ላይ የሚካሄድ፥ ብዙ መኪናም የሰበረ ነው። በ1980 የጀርመኑ አውዲ ፋብሪካ ባለ ቱርቦና ባለ አራት ጎማ የሆነውን «ኳትሮ» አወጣ። በአውሮፓ በረዶና ጠጠር ላይ ብዙ ድል አገኘ፤ በ1981ም ፈረንሳዊቷ ሚሼል ሙቶን በዚሁ መኪና በኢጣልያ ሳን ሬሞ አሸንፋ በዓለም ሻምፒዮና ራሊ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሰው ሁሉ የሁለት ጎማ ዘመን አለቀ አለ።

ነገር ግን አፍሪካ ሌላ ፍርድ ሰጠች። በ1983 የሳፋሪን ውድድር ያሸነፈው በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄደው ኦፔል አስኮና 400 ነበር፤ ኳትሮዎቹ ሁለተኛና ሦስተኛ ወጡ። በ1984፥ በ1985ና በ1986 ደግሞ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈው በኋላ ጎማ የሚገፋው የእኛው ሴሊካ ነበር። የሚሰበር ክፍል ያነሰው፥ በቀላሉ የሚጠገነው መኪና በረጅምና በሸካራ መንገድ ላይ ጸንቶ ተገኘ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፥ የአራት ጎማውም ሥራ በየዓመቱ እየተሻሻለ ሄደ። በ1987 አውዲ በአራት ጎማ መኪና ሳፋሪን አሸነፈ። በ1990 ደግሞ በኋላ ጎማው ሴሊካ በ1984ና በ1986 ያሸነፈው ስዊድናዊው ቢዮርን ቫልደጎርድ በሴሊካ ጂቲ ፎር አሸነፈ። በዚያው ዓመት እስፓኛዊው ካርሎስ ሳይንስ በዚሁ መኪና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1994 ሳፋሪን በሴሊካ ያሸነፈው ኢያን ደንከን የኬንያ ሰው ነው። ከዚህ የምንማረው አዲስ ጥበብ የሚከብረው አዲስ በመሆኑ ሳይሆን በመንገድ ላይ ጸንቶ ሲገኝ መሆኑን ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ አሳዛኝ ምዕራፍም አለ። የውድድሩ ሕግ ሞተሩ የሚስበው አየር እንዲወሰን በቱርቦው አፍ ላይ ማጥበቢያ እንዲኖር ያዝዛል። በ1995 የቶዮታ ቡድን መኪና ሲመረመር በማጥበቢያው ዙሪያ ተጨማሪ አየር የሚያስገባ የተደበቀ ብልሃት ተገኘ። ቡድኑ የዓመቱን ነጥብ አጣ፤ ለ12 ወርም ከውድድር ታገደ። ለዘመናት የደከሙበት ስም በአንድ ቀን ጐደፈ። በፈተና ወረቀት የሚኮርጅ ተማሪ ካለ ይህን ልብ ይበል።

አራተኛው ነገር ከሁሉ ይልቅ ለሕይወታችን የሚያስፈልገው ነው፤ እርሱም ፍሬን ነው። አራቱን ጎማ የሚያሽከረክር መኪና ለመነሣትና ለመውጣት ይበልጣል፤ ለመቆም ግን አይበልጥም። ፍሬን በማናቸውም መኪና ላይ በአራቱም ጎማ ነው። የሁለቱም ጎማ የሚይዘው አንዱን መሬት ነው፤ ስለዚህ በጭቃም ሆነ በርጥብ አስፋልት «ፎር ዊል» ያለው መኪና አጭር መቆሚያ የለውም፤ ክብደቱ ደግሞ በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑን ይበልጥ ያግለዋል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የመቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆንም ተምረናል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። በሁለት ጎማ የሚነዳ ሰው መንገዱ ሲያንሸራትት ጎማው ገና በዳገቱ ይነግረዋል፤ ይጠነቀቃል። በአራት ጎማ የሚነዳው ግን ሳይንሸራተት ስለሚወጣ መንገዱ ደኅና ይመስለዋል፤ ማንሸራተቱን የሚያውቀው ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲይዝ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ በመንገዱ ዳር ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ሊኖሩ ይችላሉ።

አምስተኛ፥ ወጪውን አንርሳ። ሦስት ዲፈረንሻል ያለው መኪና ሦስት ቦታ ዘይት ይፈልጋል፤ ብዙ ነዳጅ ይጠጣል፤ አራቱም ጎማዎች እኩል ካላለቁ መካከለኛውን ዲፈረንሻል ይጐዳል። ዕቃው ሲሰበር መለዋወጫው ውድ ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ መካኒክም እንደ ልብ አይገኝም።

ስለ መጪው ዘመን አንድ ቃል ልጨምር። መንግሥታችን በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል፤ በአዲስ አበባም የኤሌክትሪክ መኪናዎች በዝተዋል። በእነዚህም መካከል ያው ንጽጽር አለ። ለምሳሌ ከቮልስዋገን አይዲ 4 ከኋላ አንድ ሞተር ያለው አንዱ ዓይነት 150 ኪሎዋት ኀይል አለው፤ ከፊት ሁለተኛ ሞተር የተጨመረለት ዓይነቱ ደግሞ ከ200 ኪሎዋት በላይ ኖሮት አራቱንም ጎማ ያሽከረክራል። በፊትና በኋላ መካከል የሚዘረጋ ዘንግም አያስፈልገውም። ከዚህም ሌላ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ በደሴም በጣርማ በርም ከፍታ ጕልበቱ አይጐድልም። ለተራራ አገር ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ይሁን እንጂ ባትሪው ከባድ ነው፤ የፍሬንና የጭቃ ሕግም ለእርሱ አይለወጥም።

የተከበራችሁ ወላጆች፥ ውድ ጓደኞቼ፥

አሁን ፍርድ እንስጥ። በደረቅ አስፋልት ብቻ ለሚሄድ ሰው ባለ ሁለት ጎማው ይበቃዋል። ከፍ ባለ አገር፥ በጠጠርና በጭቃ ለሚሄድ ሰው ባለ አራት ጎማውና ባለ ቱርቦው ይበልጣል፤ የሚበልጠውም በጕልበቱ ብዛት ሳይሆን ጕልበቱን ለአራት ጎማ በማካፈሉ ነው። እኔም ምረጥ ብባል ጂቲ ፎርን እመርጣለሁ።

ነገር ግን ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አለ። በአምባሰል ተራራ ባሉ ቀበሌዎች ምጥ የያዛት እናት በክረምት ሌሊት በቃሬዛ ተሸክመው የሚያወርዷት ጊዜ አለ። አምቡላንሱ ፎር ዊል ቢሆንም ከጭቃው ብርታት የተነሣ ሊቆም ይችላል። እርሻውን ወደ ገበያ የሚያወርድ ገበሬና በባጃጅ የሚሠራ ወጣትስ አራት ጎማ የሚያሽከረክር መኪና ከየት ያመጣሉ? ስለዚህ ወደዚያው ሒሳባችን እንመለስ። 1,000 ኪሎው መኪና በሁለት ጎማ ብቻ ይሂድ፤ ነገር ግን መንገዱ ጠጠር ለብሶ፥ ውሃው በቦይ ተወግዶ፥ ጎማው የተሸከመውን ክብደት ሩብ ሳይሆን ግማሽ መግፋት ይቻል። የ500 ግማሽ 250 ነው። በጠጠር ላይ ወደ ኋላ የሚይዘው 30 ኪሎ ያህል ቢሆን 220 ይተርፋል። ይህም በ100 ሜትር 22 ሜትር የሚነሣ ዳገት ያስወጣል። በጭቃ ላይ አራት ጎማ ያስወጣን 17 ብቻ እንደ ነበረ አስታውሱ። እንግዲህ ባለ አራት ጎማ መኪና የገዛ ሰው ራሱን ብቻ ያሻግራል፤ መንገድ ያበጀ ሰው ግን ለመንደሩ መኪና ሁሉ፥ ለአምቡላንሱም ለባጃጁም፥ ከአራት ጎማ የሚበልጥ ሀብት ሰጠ።

መንገድ መሥራት የመንግሥት ሥራ ነው እንል ይሆናል። ትልቁ መንገድ አዎን። ክረምት ሳይገባ በየሰፈራችን የተደፈነውን ቦይ ማጽዳትና ውሃ የቦረቦረውን በጠጠር መሙላት ግን አካፋና ዶማ ካለ ከአንድ ክፍል ተማሪዎች ዐቅም በላይ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ትምህርት ቤታችንን ከመሰናበታችን በፊት በሰኔ ወር ሁለት ቅዳሜዎችን ለዚህ ሥራ እንድንሰጥ ሐሳብ አቀርባለሁ። መምህራን ቢመሩን፥ ወላጆችም መሣሪያ ቢያውሱን የበዓሉ መታሰቢያ ከድግሱ ያለፈ ይሆናል።

በዕረፍት ሰዓት ክርክራችንን እንቀጥል፤ ክርክር አእምሮን ይስላል። ነገር ግን «ስንት ፈረስ አለው?» ብለን ስንጠይቅ «ጎማው ምን ይዟል? መቆምስ ይችላል?» የሚለውን አብረን እንጠይቅ። ይህ ጥያቄ ለመኪና ብቻ ሳይሆን ነገ ከዚህ ግቢ ለምንወጣው ለእኛም የሚገባ ነው።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።